ለሳምንት መጥታ የከረመችው ኪኑዮ

ኪኑዮ ኪዮቶ የመጣችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ኒጋታ ባሕር ዳር፣ ያገባችበት ቤት፣ አማቷን ለብዙ ዓመታት አስታማ ሸኘቻቸው። ለሟች የሚደረገው የአርባ ዘጠኙ ቀን ጸሎት ባለቀ ማግስት፣ ባሏ ሾሄይ ዓሣ ገበያ ሲወርድ፣ አንዲት ሻንጣ ይዛ ባቡር ተሳፈረች። "ትንሽ አየር ልቀይር ብዬ ነው" አለችው ከመንገድ ደውላ። ስድሳን ከተሻገረች ቆይታለች፤ ብቻዋን ስትጓዝ ግን የመጀመሪያዋ ነው። እንባዬ ይመጣ ይሆናል ብላ በመስኮቱ በረዶውን እያየች ጠበቀች። አልመጣም።

ያረፈችው ሸማኔዎች በሚበዙበት ሰፈር፣ ወይዘሮ ቶኩኮ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ቶኩኮ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ሐር ሲሸምኑ የኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ፊቱ ጠባብ፣ ውስጡ ረጅም፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ።

"መታጠቢያ የለውም፣ ማሞቂያውም እንደኔ አርጅቷል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው" አሏት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኪኑዮ "በወር ቢያደርጉልኝስ?" ብላ ጠየቀች። ቶኩኮ ለምን አላሉም። "ቁልፉን ወደ ላይ ቀና አድርገሽ አዙሪው፤ አለዚያ አይከፍትም" ብቻ አሏት።

ማንም ሳይጠራት ብርሃን እስኪገባ መተኛት ጀመረች። ከዳቦ ቤት ያደረ ዳቦ በቅናሽ ትገዛለች፤ ሰው ከዓለም ዳር የሚመጣላቸውን ቤተ መቅደሶች ሳትገባ በአጥራቸው ሥር ታልፋለች። አጥሩ ሥር ያለውን ፀሐይ ትወደዋለች። መውደድ ማለት እንኳ ይበዛል፤ እዚያ ስትቆም የሚጎድላት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ካሞ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ዳቦዋን ስትገምጥ፣ ጭልፊት ከኋላ መጥቶ ከእጇ ነጥቆ በረረ። አጠገቧ የነበሩ ተማሪዎች ጮኹ። እሷ እጇን አየችው፤ ጣቷ ተቧጥሮ ይደማል። አልደነገጠችም። አለመደንገጧ ግን እስከ ቤት ድረስ ተከተላት።

ሾሄይ ይደውላል።

"ለሾርባው፣ የሚሶው ማሰሮ የት ነው?"

"መደርደሪያው ሥር።"

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"እንጃ።"

ስልኩ ሲዘጋ ንዴትም ናፍቆትም ፈልጋ ታጣለች።

ከሰዓት በኋላ ከቶኩኮ ጋር ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ቶኩኮ ትከሻቸው ተያዘና "ጀርባዬን እሺኝ እስቲ" አሏት። ኪኑዮ ተንበረከከች። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ክንድ አነሳ፣ ከጆሮ ጀርባ ጠረገ፣ አገጭ ደግፎ ይዞ ወደ ከንፈር ሲሄድ ቶኩኮ የእጅ አንጓዋን ያዙት።

"አንቺ፣ እኔ ገና አልሞትኩም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ሬሳ እያጠብሽ ነው እንዴ? አንድ ነገር አውሪኝ እንጂ። ሰው እሚ፣ ብርዱን እርገሚ።"

ገንዳው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ኪኑዮ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች።

"አማቴን እንዲህ ነበር የማጥባቸው" አለች። "በኋላ በኋላ መናገር ተዉ። እኔም ተውኩ።"

ቶኩኮ ክንዳቸውን መልሰው ሰጧት። "በይ ቀጥይ። ግን ቀስ፣ ያመኛል።"

የፕለም አበባ ሲፈነዳ ሾሄይ ሳይነግራት መጣ። አንድ ካርቶን ደረቅ ዓሣ ታቅፎ በር ላይ ቆመ። ቶኩኮ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ማሰሮ የጠፋበት ሰውዬ እርስዎ ነዎት? መጀመሪያ ሄደው ይታጠቡ፤ ከዚያ ትጣላላችሁ።"

ወንዱንና ሴቱን የሚለየው የመታጠቢያው ግንብ ጣሪያ አይነካም። ኪኑዮ ሙቅ ውሃው ውስጥ ሳለች ድምፁ ከማዶ መጣ። "ኪኑዮ፣ ልወጣ ነው።" በመታጠቢያ ቤት ያረጁ ባልና ሚስት የሚጠራሩት እንዲሁ ነው፤ የተጠራችው "እኔም" ብላ ትወጣለች።

"ውጣ" አለችው። "እኔ ገና ነኝ።"

ከወዲያ የባልዲ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ "እጠብቅሻለሁ" አለ።

ቆየች። ስትወጣ ፀጉሩ እንደራሰ፣ ጆሮው ቀልቶ መንገድ ላይ ቆሟል። ጎን ለጎን ሄዱ።

"ተናደሽብኝ ነው?"

"ብናደድማ ጥሩ ነበር። ምንም አይሰማኝም፣ ሾሄይ። ለአንተም ቢሆን።"

ጥቂት ሄደና "ታዲያ እዚህ ምን ተሻለሽ?" አላት።

"እዚህ እንዲሰማኝ የሚጠብቅ የለም።"

አሰበበት። "ክፍሉ ርካሽ ነው?"

"ርካሽ ነው።"

"እንግዲያው ቆዪ።"

በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ በየወሩ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ፍራሽ አንጥፈው እንደ እህትና ወንድም ይተኛሉ። የሠርጉ ፎቶ ላይ ያለውን ሰው በልቧ ብትፈልገውም አላገኘችውም። የሚያንኮራፋውን ግን ለመደችው።

የዝናቡ ወር ሲገባ፣ ሱቅ በር ላይ ያስቀመጠችውን ጃንጥላ አንድ ሰው ይዞባት ሄደ። ኪኑዮ ራሷ እስክትበሰብስ በዝናቡ እየተራመደች፣ ያላየችውን ሰው ጮክ ብላ ሰደበችው። ፊቷ ጋለ። ይህ ምን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

በነሐሴ፣ ለሙታን መታሰቢያ፣ የአማቷን መቃብር ልታጥብ ወደ ኒጋታ ሄደች። ብርዱ ሲመለስ ደግሞ ኪዮቶ ተመለሰች። እስካሁንም ዓመቱን ለሁለት ከፍላ ነው የምትኖረው፤ ሾሄይም የሚሶ ሾርባውን ራሱ ይሠራል።