አባ ማን?

ባለፈው እሁድ ከጎረቤቴ ከአስቴር ጋር ቲያትር አይተን ወደ ቀራንዮ ስንመለስ፣ መንገዱን ሁሉ የጨረሰችው ተዋናዩን ስታማ ነው። ጀግናውን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ የአንበሳ ጎፈሩን እጁ ላይ ይዞ ብዙ ካመነታ በኋላ ነበር የደፋው። ፉከራውንም በለሆሳስ አለውና ከመድረኩ ወረደ። «ጀግና መሆን ካልፈለገ ምን አስወጣው?» ትላለች አስቴር። የእኔ ልብ ግን ጋሼ ወልዴ ደጃፍ ሄዶ ነበር።

ጋሼ ወልዴ በጣሊያን ጊዜ ሰፈራችን የነበሩ ኮርቻ ሠሪ ናቸው። ደጃቸው ላይ ሁልጊዜ ቆዳ ተወጥሮ ይደርቅ ስለነበር ሽታው ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ፈረሶቹን ጣሊያን ስለወሰዳቸው በዚያን ጊዜ የሚሠሩት የአህያ ኮርቻ ብቻ ነበር። ተካ የሚባል ልጅ እንዳላቸውና ለሥራ ጅማ እንደሄደ ይወራል፤ እኔ ግን አላስታውሰውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አሮጌ የፈረስ ኮርቻ ግንድ ላይ ይጭኑና ይጫወቱልናል። እኛም የቅልሞሽ ጠጠራችንን ጥለን እንሮጣለን።

ጨዋታው ሁልጊዜ አንድ ነው። ቀን ቀን ሸክም የሚሸከም፣ ሁሉም የሚገላምጠው ሰው አለ። ይህ ሰው ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ ጎፈሩን ደፍቶ፣ «አባ እገሌ» ብሎ የፈረስ ስሙን ሲጠራ ጥይት አይነካውም፤ የሞላ ወንዝም አይመልሰውም። ጋሼ ወልዴ ተሸካሚውን ሲሆኑ ግራ ትከሻቸው ዝቅ ይላል፣ ጉልበታቸው ይብረከረካል፣ የሌለ ላብ በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ቀጥለው ኮርቻው ላይ ይወጡና በጎፈር ፈንታ አንድ የበግ ለምድ አንስተው ደረታቸው ላይ ይይዛሉ። «አባ…» ይላሉ። ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። እሳቸው ግን ለምዱን አስቀምጠው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። «በሉ፣ ለዛሬ ፈረሱ ደክሞታል።»

ሳምንቱን በሙሉ የምንከራከረው በዚህ ነበር። ግርማ የሚባለው አፈኛ ልጅ «ፈሪ ናቸው፤ ባንዳ እንዳይሰማቸው ነው» ይላል። ከሱ ጋር ብዙዎች ነበሩ። ዘነበች ደግሞ «ስሙን ስለማያውቁት ነው» ብላ ትከራከራለች። በሷ ሁሉም ይስቃል። የራሱን ተረት ጀግና ስም የማያውቅ ሰው የት ይገኛል? ግርማ ራሱ ስም አወጣለትና «አባ መብረቅ» እያልን በሹክሹክታ እንጠራው ጀመር። እኔ ክርክሩን ከዳር እሰማለሁ እንጂ በሰው ፊት አፌን መክፈት አልችልም ነበር። እናቴን ብጠይቃት «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ ዘጋችኝ።

አንድ እሁድ ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉም ሰውዬ የበቅሎው ጠፍር ተበጥሶበት መጣ። ጋሼ ወልዴ ለምዱን ታቅፈው ኮርቻው ላይ ነበሩ። «አባ…» ብለው ሊወርዱ ሲሉ አስተርጓሚው ከኋላችን ሳቀ።

«ጨርሰው እንጂ ሽማግሌ። አባ ማን?»

«አላውቀውም ጌታዬ» አሉ።

«ፈረሱን ጭነህ የፈረሱን ስም አታውቅም? ልጆቹ ይነግሩኛላ።»

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሰው ጫካ ያለ አርበኛ ስም ደብቋል ተብሎ ቢያዝ ወዴት እንደሚወሰድ ልጅም ያውቀው ነበር። አስተርጓሚው በአለንጋው ጫፍ አገጬን ቀና አደረገና «አንቺ ተናገሪ» አለኝ። «አባ መብረቅ» ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣም። የወጣው ሽንቴ ነው፤ በእግሬ ወርዶ መሬቱን ሲያርስ ይሰማኛል።

በዚያን ጊዜ ጋሼ ወልዴ ከኮርቻው ወርደው ግራ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉልበታቸው እየተብረከረከ መጡ። «ጌታዬ፣ ልጅቷን ይተዉአትና ሸክም ካለ እኔን ይጫኑኝ» አሉ፤ ድምፁ የተሸካሚው ነበር። ሰውዬው በሳቅ ተንፈራፈረ። የበቅሎውን ኮርቻ ጀርባቸው ላይ አሳስሮ ትልቁ መንገድ ድረስ በፊቱ እየነዳ ወሰዳቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አቧራ ለብሶ ነበር። ማንንም ሳያዩ ቤታቸው ገቡ።

«አይ ጀግና» አለ ግርማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዘነበች በቀር የሚከራከረው አልነበረም። እኔም ውለታቸውን እያወቅኩ ከጎናቸው አልቆምኩም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ደጃቸው ተሰበሰቡ። ግርማ የአጎቱን እውነተኛ ጎፈር ይዞ መጣ። ጋሼ ወልዴ ኮርቻው ላይ ወጥተው ጎፈሩን ተቀበሉ፤ ጠጉሩን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «አባ…» አሉ። ወረዱ።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ማንን ፈርተው ነው?» አለ ግርማ።

«ልጄ ተካ ሲሸከም ሳየው ኖሬያለሁ። ጫካ ከገባ ወዲህ ግን ፈረስ ላይ ሲወጣ አላየሁትም። ምን ብለው እንደሚጠሩትም አልሰማሁም። ሲመጣ ራሱ ይንገራችሁ።»

ለሥራ ጅማ ሄደ የተባለው ተካ ለካ ጫካ ገብቶ ኖሯል። ዘነበች ስታሸንፍ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ግን አልኮራችም።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ አርበኛ የተካን መርዶ ይዞ መጣ። ለቅሶው ላይ ያ አሮጌ ኮርቻ መሐል ወጥቶ ተቀመጠ። ግርማ ማንም ሳያዘው ሮጦ ጎፈሩን አመጣና ኮርቻው ላይ አኖረው። አርበኛው ጎራዴውን መዝዞ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የሟቹን ሥራ ቆጠረ። በመጨረሻም ጓደኛውን በፈረስ ስሙ ጠራው፤ «አባ ጫነው!»

መብረቅ ስንለው የኖርነው ሰው ስሙ ይህ ነበር። የተሸካሚ ቃል ነው፤ የኮርቻ ሠሪም ቃል ነው። ጋሼ ወልዴ ሲሰሙት ግራ ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ ልክ እንስቅበት እንደነበረው። ያን ቀን ግን የሳቀ የለም።

ዛሬ የሰፈራችን ልጆች «አባ እንትና ነኝ» እያሉ ጎዳናው ላይ ይፎክራሉ፤ የሚሰማቸውን ሰው ፈርታ አፋቸውን የምትይዝ እናት የለችም። ደስ ይለኛል። ብቻ አንዳንዴ «አባ…» ብሎ የሚያቆም ልጅ ካለ ብዬ ጆሮዬን እጥላለሁ።

ቤት ስንደርስም አስቴር አልበረደላትም። «አሁን ያ ሰውዬ ምን አስፈራው?» አለችኝ።

«ምናልባት ጀግናውን ፈረስ ላይ ሲወጣ አላየው ይሆናል» አልኳት።

አልገባትምና ሳቀች። እኔም ፈገግ ብዬ በሬን ከፈትኩ።