እትዬ ሸዋረገድ የተሳለሙት ድልድይ

እትዬ ሸዋረገድ ቤተ ክርስቲያን አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ያሳፈራቸው ሁሉ ይህን ለምዶታል። ያን ቀን ልጃቸው ፊልሞን ትንሽ አየር ይቀበሉ ብሎ ወደ ሜሪላንድ ገጠር ይዟቸው ሲሄድ፣ ወንዝ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ጣሪያ የእንጨት ቤት አዩና “አቁም!” አሉ። ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሦስቴ አማትበው ምሰሶውን ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ከውስጥ አንድ ፒክአፕ እየተንጓጓ ወጣ።

“ማሚ፣ ብሪጅ እኮ ነው!” ፊልሞን በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ።

ድልድዩ አጠገብ ቆመው ያዩ ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ድልድዩን የሚንከባከበው የመንደሩ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡና፣ ፊልሞን እየተረጎመ ነገሩን አጫወቷቸው። ጣሪያው ለሰው አይደለም፤ የድልድዩ እንጨት ዝናብ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ነው። የፈረስ ጋሪ ዘመን ሰዎች እንዲህ አስበው ስለሠሩት እስከ ዛሬ ቆሟል። አሁን ግን ጣሪያው ያፈሳል። ሳንቃው ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ሠራተኛ የለም፤ ማኅበርተኞቹን ደግሞ ጉልበት ከድቷቸዋል። በረዶ ሳይመጣ ካልተከደነ ድልድዩ ፈርሶ በኮንክሪት ይተካል።

እትዬ ሸዋረገድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ሲያጥቡ የኖሩ ናቸውና፣ አረጀ ተብሎ የሚጣል ነገር አይወዱም።

ፊልሞን ደግሞ አፉ አያርፍም። እሑድ ሲደርስ ወሬው ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ድረስ ገብቷል። ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚያ የሚኖረው አናጢው ብርሃነመስቀል ሰው በተሰበሰበበት፣ “እትዬ ሸዋ፣ የድልድዩ ንግሥ መቼ ነው?” ቢላቸው ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

እትዬ ሸዋረገድ አፍረው አቀረቀሩ። ከዚያ ቀና አሉና፣ “ቅዳሜ ነው” አሉ። “መዶሻህን ይዘህ ና! ጣሪያዋ ሊወድቅ ነው። ማንም እንዳይቀር!”

ሐበሻ ስብሰባ ይቀራል፤ ንግሥ ግን አይቀርም። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ አጠገብ የቆሙት እትዬ ሸዋረገድ፣ ፊልሞንና በስልክ የተነገራቸው ዋልተር ብቻ ነበሩ። ሰማዩ ጠቁሯል። “ቀልድ መስሏቸው ቀሩ” አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የብርሃነመስቀል ቫን ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ፤ ከኋላው መኪና በመኪና ላይ። መሰላሉ ወረደ፣ ድፎ ዳቦው ወረደ። አንዱማ ለቀልድ የቅዳሴ የሚመስል ባለ ዘርፍ ጥላ ዘርግቶ ነበር፤ እትዬ ሸዋረገድ ተቆጥተው አስጠቀለሉት። ብርሃነመስቀልና ጓደኞቹ አናጢዎች ጣሪያው ላይ ሆነው ምስማር ሲመቱ፣ የቀረው ሰው ሳንቃ ሲቀባበል፣ አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር እልልታው ሲቀልጥ ዋለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው። ዝናቡ መጣል የጀመረው ክዳኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ከጣሪያው ሥር ተጠልለው ዳቦ ሲቆርሱ ዋልተር ፊልሞንን ጠጋ አሉት። “እናትህ ያን ቀን ምን ነበር ያደረጉት?”

ፊልሞን ጭንቅላቱን አከከ። መሳለምን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል? “ሰላም አሏት” አለ በመጨረሻ።

ዋልተር ወደ ምሰሶው ሄዱ፤ ዳበሱትና፣ “ሄሎ” አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እትዬ ሸዋረገድ ሰላምታ ያለ መልስ ሲቀር አይወዱም። “‘እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ’ ብላለች በላቸው” አሉ ፊልሞንን።