እናቴ ሦስት ያለችበት እሁድ

የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሰብስቤ፣ ጠርዙ እኩል እንዲሆን አቁሜ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ሳደርገው፣ ያ ድምፅ ከመማሪያ ክፍሉ አውጥቶ ኮልፌ ወደሚገኘው ቤታችን ይመልሰኛል። አባባ ካርታ በውዞ ሲጨርስ ልክ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አምሳ ሁለቱንም በሁለት እጁ ይዞ፣ በረጅሙ ጎን ጠቅ፣ በአጭሩ ጎን ጠቅ አድርጎ መሃል ላይ ያስቀምጥና «ቁረጪ» ይለኝ ነበር። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እሁድ እሁድ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ ይህ ድምፅ ካልተሰማ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም ነበር።

አባባ መንገድ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመንገድና የድልድይ ንድፍ ይሠራ ነበር። ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማረው ከከተማ ርቆ በሚገኝ የመንገድ ካምፕ፣ ዝናብ ሥራ ሲያስቆም ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ከሚጫወቱ የውጭ አገር መሐንዲሶች ነው፤ አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ጠርተው አስቀመጡት፣ እሱም ያየውን ሁሉ በንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈ አጠናው። አዲስ አበባ ወዳለው ዋናው ቢሮ ሲመለስ ያመጣልን ስጦታ አንድ እሽግ ካርታና ያ ወረቀት ነበር። ብሪጅ ያለ አራት ሰው አይሆንም፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተቀመጡት ይጣመራሉ። አባባ ከእናቴ ጋር፣ እኔ ደግሞ ከጎረቤታችን ከጋሽ ሸምሱ ጋር ተጣመርን። ጋሽ ሸምሱ አውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ገንዘብ የማይያዝበት መሆኑን አባባን ሦስት ጊዜ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ነው ወንበር የሳቡት።

የመጀመሪያው ክረምት የትምህርት ክረምት ነበር። ከፌርማታው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ጋሽ ሸምሱ ቦቲ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው በካልሲ ይገቡ ነበር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ሲጮህ አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳን ነበር። እኔም ማስረዳት ስለምወድ እዚህ ላይ ባጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ሦስት ካርታ ይታደላል፤ በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፣ ትልቁን የጣለ ዙሩን ያሸንፋል። አስ አራት ነጥብ፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ወታደር አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጣማሪዎቹ በተራ በተራ እየተናገሩ ስንት ዙር እንደሚያሸንፉ ይዋዋላሉ፤ ካርታ ማሳየት ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው መናገር ብቻ ነው። አባባ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው መክፈቻ «አንድ ያለ አዛዥ» የሚለው ነበር፤ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ በሌሎቹ ላይ ሳይሰለጥን እንጫወት ማለት ነው። የአማርኛውን ስም ያወጣለት ራሱ ነው። በዚህ ቃል የሚከፍት ሰው ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት ነጥብ ይዣለሁ ብሎ ለተጣማሪው ነገረ ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም የያዘ በዚህ አይከፍትም።

«ከፋቹ ያለውን ተናግሯል፣ አበቃ» ይል ነበር አባባ እርሳሱን እያወዛወዘ። «አሁን የሁለቱን ድምር የሚያውቀው መላሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሳኙ መላሹ ነው።»

መላሹ፣ ማለትም የከፋቹ ተጣማሪ፣ ከስምንት ነጥብ በታች ከያዘ «ይለፈኝ» ብሎ ይተዋል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ከያዘ «ሁለት» ብሎ ከፋቹን ያማክረዋል። አሥርና ከዚያ በላይ ከያዘ ግን ሳያመነታ «ሦስት» ይላል፤ ሦስት ማለት ከስድስት በላይ ሦስት፣ ከአሥራ ሦስቱ ዙር ዘጠኙን እናሸንፋለን ማለት ነው፣ ትልቁ ውጤትም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በደብተሬ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሠንጠረዥ አድርጌ ጻፍኩት፤ ጋሽ ሸምሱም ካርታ በያዙ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው «ሰብልዬ፣ እስቲ ያንን ሕገ መንግሥትሽን አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር።

ደንቡን ከሁላችንም ቀድማ የያዘችው እናቴ ነበረች። ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች የማታ ትምህርት የተማረች፣ ስምንተኛ ክፍልንም በጥሩ ውጤት የጨረሰች ሴት ስለነበረች አሥራ ሦስት ካርታ መቁጠር አይከብዳትም። ሆኖም አባባ «አንድ ያለ አዛዥ» ብሎ ሲከፍት፣ እሷ ካርታዋን ገልጣ አይታ፣ አጥፋ፣ በለሆሳስ «ይለፈኝ» ትል ነበር። የብሪጅ አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ የመጀመሪያው ካርታ እንደተጣለ የመላሹ ካርታ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ከፋቹም የሁለቱንም ካርታ ብቻውን ይጫወታል። በአንደኛው እሁድ እናቴ «ይለፈኝ» ብላ የዘረጋችው ሁለት አስ፣ አንድ ንጉሥና አንድ ወታደር ነበር። አባባ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ቆጠረ።

«አስኩ፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ይዘሽ?»

«እትዬ አስካለ» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ «እኔ ሱቅ ውስጥ ይህን ያህል ጨርቅ ደብቄ የለም ብል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይከሰኝ ነበር።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ኋላ ዕቃ ስናጥብ ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ አባትሽ አንድ ብሎ እኔ በላዩ ላይ ሦስት ስል በሰው ፊት ምን ይመስላል አለችኝ። ሰው ቤት ስትጋበዝም እንዲሁ ነበረች፤ ሁለተኛ ጭልፋ ሊጨመርላት ሲል እጇን ሳህኑ ላይ ከድና፣ እየራባትም ቢሆን በቃኝ ትላለች፣ ሦስት ጊዜ ካልተለመነችም እጇን አታነሳም። ብሪጅ ደግሞ ሦስት ጊዜ አይለምንም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባባ አዲስ መልስ አስተማረን። ከፋቹ «አንድ ያለ አዛዥ» ሲል መላሹ «ሁለት አበባ» ካለ፣ ባለ ሦስት ቅጠሉን ጥቁር ካርታ ይዣለሁ ማለቱ ሳይሆን አንተ ይህን ይህን ይዘሃል ወይ ብሎ መጠየቁ ነው፤ ከፋቹም የግድ መመለስ አለበት። እናቴ ይህችን መልስ ወደደቻት። መጠየቅ እንደ መድፈር ስለማይቆጠር ነው መሰለኝ፣ በዚያ መጸው የማይጠየቀውንም እየጠየቀች ስታስቀን ከረመች። «ሦስት» ስትል ግን አንድም ቀን አልሰማናትም።

በጋው ገባ። ብርዱ ቤት ውስጥ ስለሚጠና ጠረጴዛውን ግቢ አውጥተን ፀሐይ ላይ እንጫወት ጀመር፣ ነፋሱ ካርታ እየወሰደ ሲያስቸግረን ደግሞ የሚዘረጋው ካርታ ላይ ጠጠር እናደርግ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ከጥምቀት በፊት፣ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለሰፈራችን ሰው የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ በጋሽ ሸምሱ ሱቅ በኩል ስለሚደርስ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርተውኝ ለእናትሽ ብለው ሰጡኝ። እናቴ የጀመረችውን ኮሌታ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሳታወጣ፣ ቆማ አነበበችው። የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ ተቀብሏታል፤ ትምህርቱ ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል። ማመልከቷንም እኔ አላውቅም ነበር። ደብዳቤውን አጥፋ ክር የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና፣ ለአባባ የምነግረው እኔ ነኝ፣ አንቺ ዝም በይ አለችኝ። አራት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ እሷም አልነገረችውም።

ቅዳሜ አባባ ከቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ወሬውን ነገረን። ጎሬ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆኖ እንዲሄድ ተመርጧል፤ ደመወዝ ይጨመርለታል፣ መኖሪያ ቤት ይሰጠዋል፣ ቢያንስ አምስት ዓመት እንቀመጣለን። እንደ ልማዱ አንድም ሳያስቀር በተራ ከነገረን በኋላ፣ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ወጡን እያወጣች ነበር።

«እዚያ የጤና ትምህርት ቤት አለ?» አለች።

«የለም» አለ አባባ። «ክሊኒክ ግን አለ፣ አታስቢ።»

እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰችና «እንግዲህ አንተ እንዳልክ» አለች። አባባ ፊቱ በራ፤ በልቶ እስኪነሳ ድረስ ስለ ጎሬ ደን አወራልን። የእናቴ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ሳይዘረጋ ጨዋታው ሊያልቅ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዝም በይ ስለተባልኩ ግን ልነግረው አልቻልኩም።

በማግስቱ እሁድ ጋሽ ሸምሱ መጡ፣ ግቢ ተቀመጥን፣ ካርታው ታደለ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እደላ ላይ አባባ «አንድ ያለ አዛዥ» ብሎ ከፈተ። እኔ አለፍኩ። ተራው የእናቴ ነበር። ካርታዋን ገለጠች፣ አየች፣ አጠፈች፣ እንደገና ገለጠች። ጋሽ ሸምሱ «ይለፈኝ» ማለቷን ሳይጠብቁ ለመናገር አፋቸውን መክፈታቸውን አስታውሳለሁ።

«ሦስት» አለች እናቴ።

አባባ ቀና ብሎ አያት። ጋሽ ሸምሱ አፋቸውን ገጠሙ፣ ቀጥለውም «ይለፈኝ» አሉ፤ የመጀመሪያውን ካርታ እኔ ጣልኩ። እናቴ ካርታዋን በአራት ረድፍ አስተካክላ ዘረጋች፤ ሁለት አስ፣ አንድ ንግሥት፣ አንድ ወታደር፣ አሥራ አንድ ነጥብ። በየረድፉ ላይ ጠጠር አደረገች። ከዚያ እጇን ወደ ጉያዋ ሰድዳ ደብዳቤውን አወጣችና ከአራቱ ረድፍ ጎን አስቀምጣ፣ በእሱም ላይ አምስተኛ ጠጠር አደረገችበት።

«እኔ የማውቀው ካርታ አሥራ ሦስት ነበር» አሉ ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብለው፤ ፖስታውን በሱቃቸው በኩል አሳልፈውታልና ወዲያው ለይተውት ነው መሰለኝ፣ ቀጥሎ የሚሉትን ትተው የገዛ ካርታቸውን ማየት ጀመሩ።

አባባ ደብዳቤውን አነበበ። ሁለተኛም አነበበው። በእጥፋቱ መልሶ አጥፎ ጠጠሩ ሥር አደረገውና መጫወት ቀጠለ፤ የእናቴንም ካርታ የሚጫወተው እሱ ስለሆነ እጁ ወደ ረድፎቹ በተዘረጋ ቁጥር ፖስታውን ይነካው ነበር። ዘጠኝ ዙር ማሸነፍ ሲገባው ስምንት አሸነፈ። ካርታ ሲወድቅ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ሰው፣ የትኞቹ እንደወጡ ረስቶ ነበር።

«መልሱ ልክ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ትናንት የጠየቅኩህ ለዚሁ ነበር» አለች እናቴ።

«ጥያቄ መሆኑን አላወቅኩም።»

ጋሽ ሸምሱ ካርታውን ሰብስበው፣ እንደ አባባ ጠቅ ጠቅ ለማድረግ ሞክረው ግማሹን መሬት ላይ በተኑትና ሁላችንም ጎንበስ ብለን ለቀምን።

ሰኞ አባባ ከቢሮ ሲመለስ፣ አልሄድም ብዬ መልሻለሁ፣ ሌላ ሰው ይሄዳል አለን። ኮቱን እየሰቀለም እናቴን «ያን ያህል የተመኘሁት ነገርም አልነበረም» አላት። ከጥምቀት በኋላ እናቴ በጠዋት አውቶቡስ መሄድ ጀመረች፣ እኔም የቤቱን ቁልፍ በአንገቴ ማንጠልጠል ጀመርኩ። በልግ ሲዘንብ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ስትመጣ አባባ ፌርማታው ድረስ ጃንጥላ ይዞ ይቀበላት ነበር።

ዛሬ እናቴ ዘነበወርቅ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ እዚያ ስትናገር የሰማ ሰው ያችን «ይለፈኝ» ባይ ሴት አያገኛትም። እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ፣ መልሱን እያወቁ እጃቸውን የማያነሱ ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉ፤ እነሱን ለይቼ ሁለተኛም ሦስተኛም እጠይቃቸዋለሁ። አባባ ዛሬም ቢሮው ውስጥ ያው መስኮት አጠገብ ያለው የንድፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ኃላፊም አልሆነ።

ባለፈው ክረምት የቤታችን ጣሪያ አፍስሶ የእሱን መሳቢያ ሳወጣ፣ ከታች ተጠቅልሎ የተቀመጠ የንድፍ ወረቀት አገኘሁ። የቤት ንድፍ ነበር። ጥግ ላይ በዚያ በምታምር ጽሕፈቱ «ጎሬ» ይላል። የሰብለ ክፍል አለ። መስኮት ያለበት የስፌት ክፍል አለ፣ መኪናዋ ሳትቀር ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ተስላለች። በረንዳው ላይ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አለ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል፣ የስፌት ክፍሉ ብቻ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይሯል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ከመመረጡ በፊት ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። በብሪጅ የመላሹ ካርታ ይዘረጋል፣ የከፋቹ ግን እጁ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ እኛም የአባባን ያየነው የመሰለን እሱ ስለነገረን ብቻ ነበር። ወረቀቱን እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

እናቴ ተረኛ በምትሆንበት እሁድ የአባባ ተጣማሪ እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሸምሱም ከልጃቸው ጋር ይመጣሉ። አባባ ካርታውን በረጅሙ ጎን ጠቅ፣ በአጭሩ ጎን ጠቅ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ያድላል፣ ከዚያም «አንድ ያለ አዛዥ» ይላል። ደንቡ ከአሥራ ስድስት ጀምሬ እንድቆጥር ያዘኛል። እኔ ግን ከነገረኝ የበለጠ ይዟል ብዬ ከአሥራ ስምንት እጀምራለሁ። አንዳንዴ በዚህ ምክንያት እንሸነፋለን፣ አባባም ሠንጠረዥሽን ረሳሽው ወይ ይለኛል፤ አልረሳሁትም፤ ካርታውን ሰብስቤ ለሚቀጥለው እደላ መበወዝ እጀምራለሁ።