በኮምፒውተር ብቻ ነው ብል ኖሮ

ክፍሏ መጀመሪያ መጋዘን ነበረች። መስኮት የላትም፤ መንጋቱን የምናውቀው በጣሪያው ቆርቆሮ ሥር በሚገባው ጭላንጭል ነው። ሽታዋ የእግርና የበረኪና ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ከተከራየሁበት ቤት በአፈሳ ተይዤ ስገባ ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ በሩ ሥር ቦታ ሰጠኝ። ከሌሎቹ የሚለየኝ አብሮኝ የተያዘው ላፕቶፕ ነበር።

መርማሪው ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ምስል አሳየኝ። ጎበጥ ያለ ቅርፊት፣ መሃሉ የቀላ፣ ጠርዙ ላይ ሽቦዎች ያሉት። የመመረቂያ ሥራዬ ነው።

«ይሄ ምን የሚባል መሣሪያ ነው?»

አስረዳሁት። በንብርብር ፋይበር የሚሠራ የውሃ ታንከር ቅርፊት ነው፤ ከንብርብሮቹ አንዱ ካርቦን አለበት። ውሃው ሲጫነው የካርቦኑ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም ይቀየራል፤ ስለዚህ ታንከሩ ከመሰንጠቁ በፊት የት ጋ እንደተጨነቀ ይታወቃል። እኔ ያንን ለውጥ በኮምፒውተር አሰላለሁ።

መርማሪው ሰልችቶታል። እንዲያውም ሊለቀኝ የፈለገ ይመስለኛል። «በቃ የኮምፒውተር ጨዋታ ነዋ» አለ። «በእውን የለም።»

አዎ ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ይህን ነገር ከጓደኞቼም ከመምህሮቼም ስሰማ ነው የኖርኩት፤ በእኛ ሙያ ከዚህ የሚያምም ስድብ የለም። ደሜ ፈላ። «አለ እንጂ፤ በእውነተኛ ቅርፊት ተሞክሮ ስሌቱ ገጥሟል» አልኩ። ማን ሠራው ሲለኝም አፌን አልያዝኩም። አየር ጤና ሰፈር የታክሲ ፓራውልት፣ የፊትና የኋላ መከላከያውን፣ በፋይበር የሚጠግኑ ሰው ናቸው ብዬ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ በሩ ተከፈተና እሳቸው ገቡ። ከሥራ ላይ ነው የወሰዷቸው፤ ጣቶቻቸው ላይ ማጣበቂያ ደርቋል። አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እኔ ነኝ ያስበላሁህ። ሲጫኑት የሚያውቅ ዕቃ ሠራሁለት እያልኩ ለሹፌሩ ሁሉ ስጎርር ነበር።»

ዝም አልኩ። ያን ዝምታ ዛሬም አፍርበታለሁ።

በሚቀጥለው ቀን ባለቤታቸው ያመጡላቸው ሽሮና ጎመን ነበር። እስር ቤት ሥጋ ሲመጣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሰሃን ይለያያል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ጠያቂ የሌለኝ የጎጃም ልጅ። ለካ «ሥጋውን ተይው፣ ከጎኔ አንድ ልጅ አለ» ብለው መልእክት ልከውላቸው ኖሯል።

«በል ቅረብ፣ ብላ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያስበሉኝ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም ሳይመታኝ። ጨዋታ ነው ሲለኝ ተናድጄ።»

ሰሃኑን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ምግቡ ምን አጠፋ» አሉ። የራሳቸውን ግማሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሉ።

እንደገና ስጠራ መርማሪውን፣ ሰውዬው ያዘዝኳቸውን ብቻ እንደሠሩና ተጠያቂው እኔ እንደሆንኩ ቃሌ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም አልኩት። ጻፈው። ቢሆንም ቀድሜ የተፈታሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ቆዩ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ስወጣ እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ብል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ጉንጬን ሳሙኝ።

አሁን ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ጥራዝ የምስጋና ገጽ ላይ አማካሪዬንና እናቴን ጠቅሻለሁ፤ እሳቸውን ግን «አንድ ባለሙያ» ብዬ አለፍኩ። ስማቸው በእኔ ምክንያት ዳግም ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር ፈራሁ፤ ለእሳቸው ብዬ ነው ብዬም ራሴን አሳመንኩ። ባለፈው ሰሞን፣ እሳቸውም ከተፈቱ በኋላ፣ ጥራዙን ይዤ አየር ጤና ሄድኩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሉኝ። የሠሩትን ቅርፊት ፎቶ ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ጎረቤታቸውን ጠርተውም አሳዩት። ከዚያ ገጾቹን ቀስ እያሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ይገልጡ ጀመር።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።