ወፍጮው ለባትሪ የዞረበት ቀን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ መኩሪያ አስቀድመው ያዩት እጄን ሳይሆን ነጠላዬን ነበር።

«ድያቆን፣ ይህን ነጠላ ትወደዋለህ?»

«አዎ ጋሼ፣ እናቴ የፈተለችው ነው።»

«እንግዲያው አውልቀህ ስቀለው። አሲድ የማንንም እናት አያውቅም።»

ሰቀልኩት። ሱሪዬ ግን ሳምንት ሳይሞላው ወንፊት ሆነ።

አባቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔንም ድጓ ሊያስተምሩኝ ብዙ ደከሙ፤ ድምፄ እሺ አላለም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ወፍጮ ቤት ስቀጠር «ከድጓ ወደ ዱቄት ወረድክ» ብለው ለአንድ ወር ያህል አኮረፉኝ።

ጋሽ መኩሪያ ደሴ ውስጥ ጋራዥ ሲሠሩ የኖሩ መካኒክ ናቸው። አገራቸው መካነ ሰላም ተመልሰው በግቢያቸው የናፍጣ ወፍጮ ተከሉ። ወፍጮውን ከሚያዞረው ሞተር ሁለተኛ የማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋ፣ አውጥተው ከአሮጌ መኪና ከተነቀለ ዲናሞ ጋር አያያዙት። ስለዚህ ወፍጮው ጤፍ ሲፈጭ ዲናሞው ባትሪ ይሞላል። ከተማው ገና መብራት አልገባለትም ነበርና የወረዳው ገዥ ጂፕም፣ የክሊኒኩ መኪናም፣ ከወረኢሉ የሚመጡ የጭነት መኪኖችም ባትሪ ሲሞትባቸው መሄጃቸው የእኛ ግቢ ነበር። ዛሬ መኪና በቤት ቻርጅ ማድረግ አዲስ ነገር ሆኖ ሲወራ ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

ሥራዬ ይህ ነበር። የባትሪውን ጫፎች በሶዳ ውሃ አጥባለሁ። ስድስቱን ክዳኖች እከፍታለሁ፤ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ ከተዘጋ ይፈነዳል። ውሃ ከጎደለው የክረምት ዝናብ ያጠራቀምንበትን ጠርሙስ አመጣለሁ፤ የምንጭ ውሃ አይሆንም። ከዚያ ገመዱን አስሬ እጠብቃለሁ። ፍጹም የሞተ የጭነት መኪና ባትሪ አሥር ሰዓት ይፈልጋል። ቶሎ ይሙላ ብለህ ዲናሞውን ብታስጨንቀው ባትሪው ይግልና ውስጡ ይረግፋል።

መሙላቱን የምናውቀው በመለኪያዋ ነው። አናቷ ላይ ጎማ ያላት የመስታወት ቱቦ ነች። ጎማዋን ጨምቀህ ስትለቅ አሲዱን ትስባለች፤ ውስጧ ያለችው ተንሳፋፊ እስከ አረንጓዴው መስመር ከወጣች ባትሪው ሞልቷል። ጋሽ መኩሪያ ያቺን መለኪያ በጨርቅ ጠቅልለው ከዳዊታቸው ጎን ነበር የሚያስቀምጧት።

ያን ግቢ እወደው ነበር። የሞተሩ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ጋሽ መኩሪያ ቆርቆሮ ስለገጠሙበት ቱግ ቱግ የሚለው ድምፅ ማዶ ካለው መንደር ድረስ ይሰማል። ሴቶቹ «ወፍጮው ተነሣ» ብለው እህላቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ፊቴ በዱቄት ነጥቶ፣ እጄ በአሲድ ቆስሎ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር ስቀላለድ ቀኑ ይመሻል። እንደዚያ ዘመን የሳቅሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ወፍጮው መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀጥሎ ለገበያ ቀን ብቻ መነሣት ጀመረ። በመጨረሻ ጭራሽ ዝም አለ። የሚፈጭ ሲጠፋ የባትሪውም ሥራ አብሮ ቆመ። ናፍጣውም ከሁለት በርሜል ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ ወረደ። ከቆላ የተሰደዱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሰፈሩ።

አንድ ማለዳ እህል የጫነ መኪና ከተማ ገባ። ሾፌሩ ሁሴን የሚባል የወረኢሉ ሰው ነበር፤ ደንበኛችን ነው። እህሉ ወግዲ ለተሰበሰቡት ረሃብተኞች የተላከ ነበር። እዚያ አራግፎ ሲመለስ ሁለተኛውን ጭነት ለመካነ ሰላም ሊያመጣ ነው። የራሱ ዲናሞ መንገድ ላይ ተቃጥሎበት ባትሪው ሞቷል፤ እኛ ጋ የደረሰው በቁልቁለት እያስነሣ ነው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አላቸው። «ከዚህ ወዲያ ዳገቱ ብዙ ነው፤ ቢጠፋብኝ ማስነሻ የለኝም።»

ጋሽ መኩሪያ የወፍጮውን ድንጋይ ቺንጋ አወለቁና ሞተሩን ለዲናሞው ብቻ አስነሡት። «እኔና ሁሴን ናፍጣ ፍለጋ መውጣታችን ነው። አረንጓዴው ሳይደርስ እንዳታጠፋው» ብለውኝ ሄዱ።

ሰዓትም አልሞላ፤ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ስልቻ የያዘ አለ፤ ቁና የያዘ አለ፤ ጨርቅ ብቻ የያዘም አለ። ጠዋት የእህል መኪና ሲገባ አይተዋል፤ አሁን ደግሞ ወፍጮው ተነሥቷል። እህል እየታደለ ነው ብለው ቢያስቡ ምን ይፈረድባቸዋል? ወረፋ ያዙ። ማንም አልተጋፋም። ከፊት የቆሙት እመት ጥሩነሽ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። በደህናው ጊዜ የወፍጮ ቤት ደንበኛችን ናቸው፤ «የዱቄት ድያቆን» ብለው የሚቀልዱብኝ እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን አልቀለዱም።

«ልጄ፣ መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

እውነቱ አጭር ነበር። ወፍጮው የሚዞረው ለባትሪ ነው፤ እህሉ የወግዲ ነው፤ የእናንተ በሚቀጥለው ይመጣል። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። የተራበ ሰው ፊት ቆሞ ይህ ሁሉ ድምፅ ለአንድ ባትሪ ነው ማለት አቃተኝ።

«ትንሽ ይጠብቁ እመት» አልኳቸው። ጠበቁ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አንዳንዱ መቆም እያቃተው ተቀመጠ። ያ ቱግ ቱግ እኔንም አሳበደኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መለኪያዋን አየሁ፤ ከአረንጓዴው ገና ሩቅ ናት። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ዛሬ ተበላሽቷል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አልኩ። እመት ጥሩነሽ ስልቻቸውን አጣጥፈው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደክመሃል» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሽ መኩሪያ ሲመለሱ «ሞላ?» አሉ።

«ሞላ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው አንዴ ሲነካ ተነሣ። ሳይሞላ የተነቀለ ባትሪ ጠዋት ላይ ጉልበት ያለው ይመስላል፤ ያታልላል። ሁሴን «አብሽር፣ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎኝ ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ዳገት ወጥቶ ሳይጨርስ ልል አቧራ ያዘው፤ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረ። በሦስተኛው ባትሪው አበቃ። የተጫነ መኪና ዳገት ላይ የሚገፋ ጉልበት በዚያ ዓመት ከየት ይመጣል? በሁለተኛው ቀን ባትሪውን በበቅሎ አስጭኖ መጣ።

ሳየው ወዲያው ለጋሽ መኩሪያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። መለኪያዋን ከጨርቋ አውጥተው እጄ ላይ አኖሯት።

«ከዛሬ ጀምሮ የምታየውን ጮክ ብለህ ታነባለህ» አሉ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ሰዉም እንደገና መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። የትናንት በስቲያውንም ጭምር። አንድም ሰው አልሰደበኝም። እመት ጥሩነሽ ግን ቀረብ ብለው አዩኝ።

«ወግዲ ነው ያልከው?»

«አዎ እመት።»

«ልጄ አስካለ እኮ ወግዲ ናት፤ ገና አራስ ናት። ይህን ብትነግረን ኖሮ ምን ነበረበት? ቁጭ ብለን አንጠብቅም ነበር?»

እሳቸው ስልቻቸውን አንጥፈው ተቀመጡ፤ ሌላውም ተቀመጠ። በየሰዓቱ መለኪያዋን እየነከርኩ በዚያ ለድጓ ባልሆነ ድምፄ የት እንደደረሰች ጮክ ብዬ አነበብኩ። አመሻሽ ላይ «አረንጓዴ» ስል እልል ያለች ሴት ነበረች። እመት ጥሩነሽ ከበቅሎው ጋር ተከትለው ወግዲ ሄዱ።

ሁሴን ቃሉን ጠበቀ፤ የመካነ ሰላምም እህል መጣ። ወፍጮው እውነተኛ ሥራውን ሠራ። ከሳምንት በኋላ እመት ጥሩነሽ ልጃቸውን አስካለን ይዘው ተመለሱ። አስካለ አንቀልባ ይዛለች፤ አንቀልባው ባዶ ነበር። ሕፃኑ በየትኛው ቀን እንዳረፈ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

አብዮቱ ሲመጣ የገዥው ጂፕ ባለቤት ተቀየረ፤ ባትሪው ግን ያው ነበር፤ እየሞላሁ ሰጠኋቸው። ቆይቶ ወፍጮው ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ። ጋሽ መኩሪያ ቁልፉን አስረክበው መለኪያዋን ለእኔ ሰጡኝ። ጡረታ እስክወጣ በእሷ ሠራሁ።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ በረከት ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና መጣብኝ። መንገዱን እንዴት እንደዘለቀው እሱ ይንገራችሁ። ግቢዬ ውስጥ በተራ ማራዘሚያ ሰካው፤ ገመዱ ጋለ፤ ፊውዙ ወደቀ። ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ አስወጣሁለት፤ እንዳይነዝረውም የመሬት ብረት ከሰልና ጨው አልብሼ ቀበርኩለት። ስምንት ሰዓት ይፈጃል አለ። ሦስት ሰዓት እንደሞላ ግን ነቅሎት አገኘሁት።

«ምነው?»

«ጎረቤታችሁ እትዬ ሰዓዳ መብራታቸው ደከመባቸው መሰለኝ፣ የስፌት መኪናቸው ተንቀራፈፈ። ይሉኝታ ያዘኝ አጎቴ። ይበቃል፣ ያደርሰኛል።»

«ነገ ወዴት ነህ?»

«ወግዲ።»

እጁን ይዤ ሰዓዳ ቤት ወሰድኩት። ስንት ሰዓት እንደሚቀረውና ለምን እንደሚፈልገው ራሱ እንዲነግራት አደረግኩ። ሰዓዳ ከስፌቷ ቀና አለች።

«አብሽር ልጄ፣ እኔ እኮ መብራት ኃይልን ስረግም ነው የዋልኩ። ከነገርከኝማ ስፌቱን ለነገ አደርገዋለሁ።»

ተመልሰን ሰካነው። ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መኪናው የሚያሳየው መቶኛ ከፍ ባለ ቁጥር በአጥሩ ላይ ጮክ ብዬ ለሰዓዳ አነበብኩላት። በረከት አረጀ ብሎ ሳቀብኝ።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። ባትሪ ሳይሞላ አትንቀሉ። ሰው እየጠበቀ ከሆነ ምን እንደሚጠብቅ ንገሩት።