ብረቱን ማን በላው?

በ1920 ዓ.ም. ግድም፣ አዳማ ገና ባቡር ጣቢያና ጥቂት ቤቶች ሳለች፣ መርዳሳ የሚባል ባለ እጅ ወናፉን በአህያ ጭኖ ከአርሲ ነገሌ መጣ። ሀብት ፍለጋ እንዳይመስላችሁ! አገሩ ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ስለሆነ ብቻ ቡዳ ይሉት ነበር። ሚስቱ ሎሚ አርግዛለች፤ ልጁ የቡዳ ልጅ ሳይባል ይደግለት እንጂ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

አዳማ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሞላባት ስለሆነች የማንንም ዘር የሚጠይቅ አልነበረም። ዲንቄ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሙሉ «አቶ መርዳሳ» ተባለ።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘውድነሽ የብረት የውሃ በርሜላቸው ቢበሳ አስጠሩት። መርዳሳ ላከበሩት ውለታ ለመመለስ ብሎ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን መዳብ ቀጥቅጦ ለጠፈበት። አቤት ማማሩ! የራሱን ቤት በርሜል ግን በወዳደቀ የጣሪያ ቆርቆሮ ጣፍ ጣፍ አድርጎ ተወው።

ስምንት ወር ሳይሞላ የእትዬ ዘውድነሽ በርሜል በመዳቡ ዙሪያ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ውሃው ማድ ቤቱን አጥለቀለቀው። የመርዳሳ በርሜል ደህና ነው።

«ብረቱን ዝገት በላው» አለ መርዳሳ፣ ግራ ገብቶት።

«ዝገት ነው የበላው?» አለች ውሃ ቀጂዋ አበበች በአሽሙር።

በቃ! ያቺ «በላው» የምትባል ቃል ከማድ ቤት ወጥታ ገበያ ገባች። በዚያው ሳምንት የእትዬ ዘውድነሽን የልጅ ልጅ ሆዷን ሲቆርጣትማ ነገሩ አለቀለት። ሥራ የሚያመጣለት ሰው ጠፋ።

መርዳሳ ሞኝ አልነበረም። የአዳማ የጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ያንኑ ውሃ በሁለት ዋንጫ ሞልቶ ሁለት ምስማር ነከረ፤ አንዱ ላይ መዳብ፣ ሌላው ላይ የጣሪያ ቆርቆሮ አስሮ። በሁለተኛው ሳምንት መዳብ የነካው ምስማር ውሃውን ቀይ አድርጎ ዝጓል። ቆርቆሮ የነካው አዲስ እንደሆነ ነው። መርዳሳ እልል ሊል ምንም አልቀረው! ዋንጫዎቹን ይዞ ወደ እትዬ ዘውድነሽ በረረ።

«ይዩልኝ እትዬ! ጥፋቱ የመዳቡ ነው። ብረት ከመዳብ ጋር ውሃ ውስጥ ሲውል ቶሎ ይዝጋል። የቆርቆሮው ነጭ ቅብ ግን ራሱ እያለቀ ብረቱን ያድነዋል።»

እትዬ ዘውድነሽ ዋንጫዎቹን ሳይነኩ ትክ ብለው አዩ።

«ይህን የዛገውን በየቀኑ ታየው ነበር?»

«እንዴታ! ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም።»

«ያኛውንስ?»

«እሱንማ ወናፉ ጀርባ አስቀምጬ ረስቼው ነበር።»

አይ መርዳሳ! ምናለ ትንሽ ብትዋሽ! እትዬ ዘውድነሽ አማትበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«በገዛ አፉ!» አሉ። «ያየውን በላው፣ ያላየው ተረፈ።»

ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። ዲንቄ «አባ!» ብላ እጇን ዘረጋችለት። ሎሚ ልጅቷን ወደ ደረቷ አዙራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችባት።

«ምነው ሎሚ?»

«ብርድ እንዳይመታት ነው» አለች ሎሚ፣ በዚያ የቀትር ሐሩር።