የዲንሾዋ ልጅ በሮቤ፣ የሮቤዋ በጎባ

በንጉሡ ጊዜ በዲንሾ ትምህርት የሚያበቃው አራተኛ ክፍል ላይ ነበር፤ በሮቤ ስምንተኛ ላይ። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ጎባ ይወጣል። ላቦራቶሪ የሚባለውም ክፍል ያለው ጎባ ብቻ ነው። የሦስቱ ከተሞች ዳይሬክተሮች አንድ ጊዜ ተሰብስበው፣ ሴት ልጆችም ሳይንስ ተምረው ለድሬሰርነት፣ ማለትም ለሐኪም ረዳትነት፣ እንዲበቁ በኅብረት እንሠራለን ተባባሉና ደብዳቤ ተጻጻፉ። ደብዳቤው ማኅተም ነበረው፤ አልጋ ግን አልነበረውም። ወንዶቹ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ይማራሉ። ሴት ልጁን እንደዚያ የሚለቅ ወላጅ ከየት ይመጣል?

ነገሩን የቋጨነው እኛ እናቶች ነን። እኔ ሮቤ ገበያው ዳር ጨውና በርበሬ የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጨርስ ተድሬያለሁ። ከዲንሾ ገብስ ይዛ የምትወርድ ደንበኛ ነበረችኝ፤ ልጇ አራተኛን ጨርሳለች። የኔዋ ትልቋ ደግሞ ስምንተኛን። ጎባ አንዲት የጸሐፊ ሚስት አውቃለሁ። ተነጋገርን፤ የዲንሾዋ ልጅ እኔ ዘንድ፣ የኔዋ የጸሐፊው ሚስት ዘንድ ያድራሉ። ገብሱ ከዲንሾ፣ ጨውና በርበሬው ከኔ ይሆናል። የልጆቹን ትምህርት ማንም እንዳያስተጓጉል ተማማልን።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የጎባው የሳይንስ አስተማሪ በእህል መኪና ሾፌር እጅ ወረቀት ላከልኝ። «ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ግን የለችም። ማይክሮስኮፑን ነክታው አታውቅም። እንዲህ ከቀጠለች ትወድቃለች፤ ለድሬሰርነትም አትታጭም» ይላል። ደግሜ አነበብኩትና በዚያው መኪና ጎባ ወጣሁ።

ልጄን ያገኘኋት ጓሮ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ የሕፃን ጨርቅ ታጥባለች። የጎባን ውሃ ቅዝቃዜ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጇ ቲማቲም መስሏል።

«የቤቱ ልጅ የታለች?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት።»

«አንቺስ?»

የጸሐፊው ሚስት ድምፄን ሰምታ ወጣች።

«ውይ፣ እንግዳ! ግቢ እንጂ፣ ምነው ጓሮ?»

«አልገባም። ልጄን የሰጠሁሽ ለትምህርት ነው ለእጥበት?»

«ኧረ ቀስ! ለትንሽ ሰዓት ብታግዘኝ እጇ ይሟሟል? ከስኳር ነው እንዴ የሠራሻት?»

«ያቺ ትንሽ ሰዓት የላቦራቶሪዋ ሰዓት ናት። የራስሽን ልጅ ለምን አላስቀረሻትም?»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ባለፈው ገበያ ሱቅሽ መጥቼ ነበር፤ አንቺ የለሽም። ጨው ማን መዘነልኝ? ያቺ የዲንሾዋ! የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሷ አይደወልም?»

አልዋሸችም።

እውነቱን ልጻፍ። ልጅቱ በሒሳብ እሳት ናት። ከገጠር የሚመጡትን በኦሮምኛ እያሳቀች ቶሎ ቶሎ ትሸኛቸዋለች፤ እሷ ካለች ሱቁ ፊት ሰው አይጠራቀምም። ስለዚህ በየገበያው ቀን አስቀራታለሁ። ቅር ሲላት «መመዘንም ሳይንስ ነው» እላታለሁ። የራሴን ታናሿን ልጅ ግን አንድም ቀን አላስቀረሁም። የገበሬ ልጅ ናት፣ ሥራ ለምዳለች ብዬ ነበር ለራሴ። የጸሐፊው ሚስትም ስለኔ ልጅ፣ የባለ ሱቅ ልጅ ናት፣ ሥራ ለምዳለች ሳትል አልቀረችም።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። «ከእንግዲህ የኔዋ እንግዳ አንድም ቀን ከትምህርት አትቀርም። ያንቺዋ እንግዳስ?»

«እስቲ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው።»

«በሚመጣው ገበያ ነይና እዪ። ልጄ ግን ዛሬውኑ ላቦራቶሪ ትገባለች፤ ጨርቁን እኔ አጥባለሁ።» ልጄን ገፋ አድርጌ ሰደድኳትና ቁጭ አልኩ።

«ኧረ ነውር ነው፣ ተነሺ! ጎረቤት ምን ይላል?»

«ሳሙናውን አቀብዪኝ።»

ሳሙናውን አቀበለችኝ። ከዚያ እሷም ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ማጠብ ጀመረች።

በገበያው ቀን ልጅቱ እንደ ልማዷ ሚዛኑን ልታወጣ መጣች።

«ደብተርሽን ያዢና ሂጂ» አልኳት።

«ሚዛኑንስ፣ እትዬ?»

«አንቺ ሳትመጪም እኔ ነበርኩ የምመዝነው።»

ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ሮጠች። እኔ ግን ተቸገርኩ። ደጃፌ ላይ ሰው ተሰለፈ፤ አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ልጅቷን አምጪልን፣ አንቺ ስትመዝኚ ገብሴ ይበቅላል» ብለው አሳቁብኝ። እናቷም ከዲንሾ ወርዳ እዚያው ቆማ ነበር። ያደረግሁትን ሁሉ ሰው ፊት ነገርኳት። «ይህን ደግሞ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ» አለች፣ «ልጄንም ገብሴንም ይዤልሽ እሄድ ነበር።» ገብሱን አራገፈች።

የጸሐፊው ሚስት ከሰልፉ መጨረሻ ብቅ አለች። ወደኔ የመጣችው መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ደርሳ በመስኮት አይታ ነው።

«ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች» አለችኝ። «በይ ቶሎ መዝኚልኝ፤ መኪናው ሊሄድብኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የአስተማሪው ወረቀት አልመጣም። ልጄ ለዕረፍት ስትመጣ የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ገፍፋ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ጡብ ግንብ ተደርድሮ እንደሚታይ ታስረዳን ጀመር። የዲንሾዋ ልጅ አጠገቧ ተለጥፋ ትሰማለች።

አራቱ ዓመት እንዳለቀ በዚያው ሾፌር መልእክት ደረሰኝ። «ልጅሽ አልፋ ለድሬሰርነት ተመርጣለች። አልጋዋ ባዶ ሊሆንብኝ ነው» ብላለች የጸሐፊው ሚስት።

ሾፌሩን ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ መለስኩት። «ባዶ አይሆንም በላት። የዲንሾዋ ስምንተኛን ጨርሳለች፤ ክረምቱ ሲያልፍ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ለሥራ እንዳትነካት በላት!»